የእናቴን ስጋጃ ላቫጆ ወስጄው

ይህን የምጽፈው፣ አንድ ሰው እንኳ ስጋጃውን ጠቅልሎ ታክሲ ላይ ጭኖ ወደ ላቫጆ ከመሄዱ በፊት እንዲያነበው ነው። እኔን የመከረኝ አልነበረም ብል እዋሻለሁ። እናቴ መክራኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ስጋጃው የደብረ ብርሃን ነው። እናቴ እዚያ አስተማሪ ሳለች በ1978 ዓ.ም. ከደመወዟ እየቆረጠች የገዛችው። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር፣ ከመንዝ በግ ጸጉር ተፈትሎ፣ በእጅ አንድ በአንድ ተቋጥሮ የተሠራ። መሐሉ ነጭና ቡናማ ነው፤ ዳሩን ቀይ ሐረግ ይዞረዋል። ልጆች ሳለን በጫማ የረገጠው ሰው ወየውለት። "ይሄ ስጋጃ ከእናንተ ይበልጣል" ትለን ነበር። በዕድሜ እውነቷን ነው፤ ታናሽ ወንድሜን በሦስት ዓመት ይበልጠዋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት መስከረም ላይ "ሳሎንሽ ባዶ ነው፣ ውሰጂው" ብላ ሰጠችኝ። የምኖረው አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰፈራችን ሲፈርስና ሲገነባ ነው የሚውለው። ጠዋት መስኮት ከፍቼ ከተውኩት ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። ያ ሁሉ አቧራ ስጋጃው ውስጥም እየገባ እንደሆነ ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። ላዩን በመጥረጊያ ጠረግ ጠረግ አድርጌ "ንጹሕ ነው" እል ነበር። እናቴ ስትሰጠኝ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ውሃ አታብዢበት።"

የመጀመሪያው ጥፋት የተሠራው ፋሲካ ዕለት ነው። እንግዳ ሞልቷል። ቄጠማውን ስጋጃው ላይ ጎዝጉዤ ረከቦቱን መሐሉ ላይ አስቀመጥኩ። ልጄ ሲሮጥ መጥቶ ሁለት ሲኒ ቡና ደፋው። እንግዶቹ ሲሄዱ ውሃ አፈላሁ፣ የዱቄት ሳሙና በጠበጥኩ፣ በልብስ ብሩሽ ወዲያና ወዲህ ፈተግኩት። አረፋው ሲነሳ ደስ አለኝ። ቡናው እውነትም ለቀቀ። በማግስቱ ሲደርቅ ግን ያ ቦታ ሌላ ነገር ሆኗል። ጸጉሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ጠጥሯል። ቄጠማው የተረገጠበት ነጩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ መስመር ቀርቷል።

ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። የበግ ጸጉር እንደኛ ጸጉር ፕሮቲን ነው፤ በላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ፍትጊያ ሲገናኙ ቅርፊቱ እየተያያዘ ይቆላለፋል። የሱፍ ባርኔጣ የሚሠራው ሆን ተብሎ በዚሁ መንገድ ነው። እኔም ሳላውቀው የእናቴ ስጋጃ ላይ ባርኔጣ ሠራሁ ማለት ነው።

ቡና ሲደፋ ማድረግ የነበረብኝ በጣም ቀላል ነበር። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ወይም ሶፍት ማምጣትና መጫን። መፈተግ የለም፤ ጫን፣ አንሳ፣ ጨርቁን አዙር፣ እንደገና ጫን። ከዳር ወደ መሐል፣ እንዳይሰፋ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጎ እንደገና መጫን። ጨርቁ ነጭ የሚሆነው ያለምክንያት አይደለም። ባለቀለም ጨርቅ ራሱ ቀለም ይሰጣችኋል፤ የስጋጃው ቀለም መልቀቅ ከጀመረም አያሳያችሁም።

ሁለተኛውና ትልቁ ጥፋት ሐምሌ ላይ መጣ። የጠጠረውን ቦታ ባየሁት ቁጥር ስለሚያናድደኝ "ባለሙያ ይጠበው" አልኩ። የኛ ሰው ባለሙያ ሲል ላቫጆ ማለቱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የነሱ ብቻ አይደለም፣ ስጋጃው በእጅ የተሠራ መሆኑን ጠይቀውኝ "ምንጣፍ ነው" ያልኩት እኔ ነኝ። አስፋልቱ ላይ ዘርግተው መኪና በሚያጥቡበት ኃይለኛ ውሃ መቱት። ሳሙና በተኑበት። በመጥረጊያ ፈተጉት። አቧራው መጀመሪያ አልተራገፈም ነበርና ውሃው ሲነካው ጭቃ ሆነ፤ ሲያጥቡት ጭቃው ወደ ታች፣ ጸጉሩ ወደተቋጠረበት ክር፣ ወደ ድሩ ገባ። ከዚያ አጥር ላይ ሰቀሉት።

ማታ ልወስደው ስሄድ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። አራት ሰው ነው ሦስተኛ ፎቅ ያወጣው። የበግ ጸጉር ውሃ ይጠጣል፤ ሲሰቀል ደግሞ የራሱ ክብደት ይጎትተዋል። ቤት አስገብቼ ስዘረጋው አንዱ ጥግ ከሌላው ረዝሟል። መብራቱን ሳበራ ደግሞ ሌላውን አየሁ። ቀዩ ሐረግ ወደ ነጩ ወርዷል። እንደ ቀይ ሥር ሰላጣ ውሃ፣ ሮዝ ሆኖ።

አልቅሻለሁ። ስጋጃ ላይ አለቀሰች በሉኝ።

ሦስተኛው ጥፋት ከሐፍረት የመጣ ነው። ባየሁት ቁጥር ስለሚያመኝ ሳሎን ልተወው አልቻልኩም። በረንዳ ላይ በክረምት ዝናብ መሐል አራት ቀን ታግዬ "ደርቋል" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጠቀለልኩት፣ በላስቲክ አሰርኩት፣ አልጋ ሥር ከተትኩት። ረሳሁት ልበል? አልረሳሁትም። ግን አልነካሁትም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ እናቴ ደወለች። "ገናን አንቺ ጋ ነው የማሳልፈው።"

ላስቲኩን ስፈታው መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ እርጥብ ውሻ የሚሉት ዓይነት። ጀርባው ላይ ግራጫ የሻጋታ ነጠብጣብ አለ። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ጸጉሩ እንደተላጨ ሆኖ ድሩ ብቻ ቀርቷል። የሸረሪት ድር የሚመስል ነጭ ነገርና እንደ አሸዋ ያለ ፍርፋሪ ነበረው። በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፦ ከቀዩ ሐረግ ሥር ያለው አሸዋ ቀይ፣ ከቡናማው ሥር ያለው ቡናማ ነው። አሸዋ አይደለም፤ የብል እጭ ጸጉሩን በልቶ የጣለው ነው። የበላውን ቀለም ይዞ ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ያሰብኩትን ልንገራችሁና ሳቁብኝ። ቸርችል ጎዳና፣ ፖስታ ቤቱ አካባቢ ወዳሉት የባህል ዕቃ ሱቆች ሄድኩ። ተመሳሳዩን ገዝቼ እናቴን ላታልል። ፎቶውን ሳሳያቸው አንዱ ባለሱቅ "ይሄን የሚያውቁ ሰውዬ አሉ" ብሎ ዕድሜያቸውን ስጋጃ ሲሠሩ ከኖሩ አንድ ሽማግሌ ጋር አገናኘኝ። በማግስቱ ቤት ድረስ መጡ።

ሽማግሌው ገና ሲገቡ ስጋጃውን ገለበጡት። ፊቱን አላዩም። "የስጋጃ ፊት ይዋሻል፣ ልጄ" አሉኝ። ጀርባው ላይ ሐረጉ እንደ ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቋጠሮዎቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያሉ ናቸው። ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍ የራሱ ድር ነው፣ ኋላ የተሰፋ አይደለም። በማሽን የተሠራ ቢሆን ጀርባው ሙጫ የተቀባ ወይም ሁሉም ነገር በመስመር የተሰለፈ ይሆን ነበር። እናንተም ቤታችሁ ያለውን እንዲህ ገልብጣችሁ እዩት።

ከዚያ ክብሪት ጠየቁ። ብሉ ካረገፈው ጸጉር ቆንጥረው የሻይ ሰሐን ላይ ለኮሱት። ጭስ ጭስ ብሎ ጠፋ። የተቃጠለ ጸጉር ሸተተ፤ አመዱ በጣት ሲነካ ብን አለ። ከመኝታ ቤቴ ምንጣፍ ደግሞ አንድ ክር መዘዙና ለኮሱ። ቀለጠ፣ ተንጠባጠበ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጨሌ ጠንካራ ፍሬ ሆነ። "ያኛው ፕላስቲክ ነው። ላቫጆም ብትወስጂው ምንም አይለውም። ይሄኛውን ግን የራስ ጸጉር በይው። ራስሽን በዱቄት ሳሙና ትታጠቢያለሽ?"

"አልታጠብም ጋሼ።"

"እሺ።" በቃ፣ ሌላ ወቀሳ አልነበረም።

ሮዝ የሆነውን ነጭ በበረኪና ላስለቅቀው እንደነበር ስነግራቸው ደነገጡ። የጠርሙስ ክዳን ላይ በረኪና አድርገው ትንሽ ጸጉር ጣሉበት፣ "አሁን ቡናሽን አፍይ" አሉኝ። ቡናው ሳይጠጣ ጸጉሩ ሟሙቶ ዝልግልግ ያለ ነገር ብቻ ቀረ። ቤታችሁ ሰው ካለ ይህን አሳዩት። ከሺህ ምክር ይበልጣል።

ከሳቸው የተማርኩት ዋናው ነገር ግን ውሃ አልነበረም፤ አቧራ ነው። ስጋጃውን በፊቱ ደፍተን ሴራሚኩ ላይ ዘረጋነው። ጀርባውን በእጃቸው መዳፍ፣ ዳቦ እንደሚጠፈጥፍ ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር መቱት። በዱላ አይደለም፤ ዱላ አሮጌ ድር ይበጥሳል። ሁለት ሆነን ስናነሳው ወለሉ ላይ ቀይማ አፈር ተኝቷል። ጠርገን እንደገና ደፋነው። እንደገና አፈር። ታጥቦ የመጣ ስጋጃ እኮ ነው! አምስት ጊዜ ደጋግመን ነው የቀነሰው። ይሄ አፈር እንደ ብርጭቆ ዱቄት ነው፤ በረገጥነው ቁጥር ጸጉሩን ከሥሩ ይቆርጠዋል። አሁን በየወሩ እንዲህ አደርጋለሁ። ካልተደፋበት በቀር ሌላ ነገር አይፈልግም።

ቫኪዩም ያላችሁ ደግሞ የሚሽከረከረውን ብሩሽ አጥፉት፣ መሳቡ ብቻ ይበቃል። ዘርፉ ላይ አታስኪዱት፤ ይበላዋል። መዳፋችሁን ስጋጃው ላይ ብታሳልፉ በአንድ በኩል እንደ ድመት ጀርባ ይለሰልሳል፣ በሌላው ይቆማል። መጥረጊያም ቫኪዩምም በሚለሰልስበት አቅጣጫ ነው የሚሄደው።

ማጠቡን ሽማግሌው እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አዘገዩት። ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ያለበትን ቀን እየጠበቁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የአዲስ አበባ አየር ለዚህ የተሠራ ነው። በክረምት ስጋጃ ማጠብ ግን ሻጋታ መዝራት ነው፤ አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት ቀን ውስጥ የማይደርቅ ከሆነ ባይታጠብ ይሻላል።

መጀመሪያ ቀለሙን ፈተንን። ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቦ ቀዩ ላይ አንድ ደቂቃ መጫን። ትንሽ ለቀቀ። ቡናማው ምንም አልለቀቀም፤ አይለቅምም፣ የበጉ የራሱ ቀለም ነውና። ቀለም የተነከረው ቀዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዩን ሳንነካ መሐሉን ብቻ አጠብን። ቀያችሁ በብዛት ከለቀቀ ግን እዚያው ላይ አቁሙ። ቤት ውስጥ የሚታጠብ አይደለም።

ያጠብንበት መንገድ ይሄ ነው። አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ የሕፃናት ሻምፖ። በእጅ መትቶ አረፋ ማስነሳት። የሚነካው አረፋው ብቻ ነው፤ ውሃው ባልዲው ውስጥ ይቀራል። ስፖንጁን አረፋ አስይዘን፣ በጸጉሩ አቅጣጫ፣ የትሪ ስፋት በምታህል ቦታ እየከፈልን ሄድን። አንዷን ሳንጨርስ ወደሌላዋ አናልፍም። ከዚያ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምረን፣ ጨርቅ ነክረን፣ በደንብ ጨምቀን አበስነው። ጸጉሩ ላይ የቀረ ሳሙና ያደርቀዋል፤ አቼቶው ቅሪቱን ለማስለቀቅ ይረዳል። ስንጨርስ ደረቅ ፎጣ አንጥፈን በባዶ እግራችን ቆምንበት። ልጄ ይሄን ክፍል ወዶታል። በነገራችን ላይ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይሄ ዘዴ በረከት ነው፤ አንድ ጀሪካን እንኳ አልጨረስንም።

የማድረቁን ብልሃት እኔ ብቻዬን በሕይወቴ አላስበውም ነበር። ከታች ካለው ሱቅ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ተዋስን፣ አሥራ አምስት። ጣሪያው ላይ ደፍተን ደረደርናቸውና ስጋጃውን በላያቸው ዘረጋነው። አየር ከላይም ከታችም ያገኛል። አይሰቀልም፣ አይጎተትም። ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ላይ ጥላ፤ ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ቀለም ይበላል። ሲመሽ "ደርቋል ጋሼ" አልኩ። እጄን ይዘው ጸጉሩን ገልጠው ሥሩ ላይ አስነኩኝ። ቀዘቀዘኝ። "ቅዝቃዜ ካለ ውሃ አለ።" በማግስቱም ደገምነው።

ብሉን በተመለከተ፦ የሚበረው ትንሽ ወርቃማ ነፍሳት አይበላም፤ የሚበላው እጩ ነው። ጨለማ፣ ሰው የማይነካው ቦታና የላብ ወይም የምግብ ቅሪት ይወዳል። አልጋ ሥር፣ ሶፋ ሥር። እኔ ሁሉንም አሟልቼ ነው የሰጠሁት። ያዳነን ነገር ሁለቱንም ፊት በብሩሽ መጥረግ፣ በየተራ ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ መዘርጋትና በየሳምንቱ መመርመር ነበር። ከዚያው ጸጉር የተሠሩ ሁለት የትራስ ልብሶች ስለነበሩኝ በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየኋቸው፤ ያ ቅዝቃዜ እንቁላሉንም ይገድላል። ናፍታሌን ሕፃን ያለበት ቤት ባይገባ ይሻላል፣ ለጤና ጥሩ አይደለም። ስጋጃ ማስቀመጥ ግድ ከሆነባችሁ ጨርሶ ይድረቅ፣ ይጠቅለል እንጂ አይታጠፍ፣ በአቡጀዲ ይሸፈን። ላስቲክ እርጥበት ያፍናል። በየሁለት ወሩም ፈታ አድርጋችሁ እዩት።

ትንንሽ ነገሮችም ልጨምር። ወጥ ከተንጠባጠበ በማንኪያ አንሱት፣ ቅባቱ ላይ የበቆሎ ዱቄት ነስንሳችሁ አሳድሩትና ጥረጉት። የበርበሬው ቀይ ሙሉ ለሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ የኔ አንዷ ነጠብጣብ እስካሁን አለች። ሻማ ከተንጠባጠበ በረዶ በፌስታል አድርጋችሁ አጠንክሩትና ፈርፍሩት። የሕፃን ሽንት ሳይደርቅ ነው መያዝ ያለበት፤ ከቆየ ቀለም ይለውጣል። ከከሰል ማንደጃ ፍም ቢወድቅ አትደንግጡ፣ የበግ ጸጉር ቶሎ አይነድም። ፍሙን አንስታችሁ የጠቆረውን ጫፍ ብቻ በመቀስ ቁረጡት። የአበባ ማሰሮ በፍጹም አታስቀምጡበት፤ የጎረቤቴ ስጋጃ በማሰሮው ልክ ክብ ሆኖ በስብሷል። ቄጠማ ደግሞ ወለሉ ላይ ይጎዝጎዝ። እኔ አሁን በዓል ሲመጣ የስጋጃውን አንድ ጎን ጠቅልዬ ለረከቦቱ ቦታ እለቃለሁ። ትንሽ ያስጠላል፣ ግን ለምጄዋለሁ።

ብሉ የላጨውን ጥግ ሽማግሌው የመንዝ ፈትል አምጥተው ቋጠሩት። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ቡናማው ከድሮው ትንሽ ይደምቃል። የጠጠረው ቦታ እንደጠጠረ ነው። ሮዙም አለ፤ "ተይው፣ ብትነካኪው ይብሳል" ብለውኛል።

እናቴ የገና ዋዜማ ገባች። ቆማ አየችው። ሮዙ ጋ ስትደርስ አጎነበሰችና በጣቷ ዳበሰችው።

"ላቫጆ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ስንት አስከፈሉሽ?"

"900።"

"በገንዘብሽ" አለችና ጫማዋን አውልቃ ገባች።